ከሮቶው በፊት ወይስ ከሮቶው በኋላ? የመጠጥ ውሃን በብርሃን ስለማከም



ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትምህርት የሚጠይቁ ናቸው። በክረምቱ ማብቂያ ላይ ከየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የደረሰን ግን ለየት ያለ ነበር። «የብሎካችን ነዋሪዎች ለውሃ ማከሚያ የሚሆን የዩቪ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ እያዋጣን ነው» ይላል። «ግማሻችን ገንዘቡ ይውጣ፣ የልጆቻችን ጤና ይቅደም እንላለን። ግማሻችን ደግሞ መብራት ውሃን ያጠራል የሚባለው የነጋዴ ወሬ ነው እንላለን። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

በሁለት መስመር መልሰን ልንተወው የምንችለው ጥያቄ አልነበረም። የሰው ገንዘብና የሕፃናት ጤና ያለበት ነገር ነውና ሄደን ማየቱን መረጥን።

የካ አባዶ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በለገጣፎ አቅጣጫ የሚገኝ ሰፊ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። ቀድሞ የየካ ክፍለ ከተማ ነበር፤ ለሚ ኩራ ራሱን ችሎ ክፍለ ከተማ ከሆነ ወዲህ የሚቆጠረው በዚያ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ደረስን። ብሎኩ እንደ ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሲሆን ከጀርባው፣ ከግድግዳው ሥር፣ ጥቁር ሮቶዎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ትላልቆች የብሎኩ የጋራ ንብረት ናቸው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣበት ሌሊት ሮቶው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቤተሰቡ የሚጠጣው፣ የሚያበስለው፣ ውዱእ የሚያደርገው ከተጠራቀመው ነው። መብራት ካለ ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋል። ከሌለ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን መውጣት ነው።

ከአራተኛው ፎቅ የወረደች የሦስት ልጆች እናት ለምን ገንዘቡን እንደምትደግፍ ነገረችን። «ሁለተኛው ልጄ በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ታመመብኝ። ጃርዲያ ነው አሉኝ። መብራት ሲኖር አፈላለሁ፤ ሲጠፋ በከሰል ነው። የከሰሉን ዋጋ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ» አለች።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ወጣት ነው። ሻጩ የሰጠውን ወረቀት ዘርግቶ አሳየን። መሣሪያው የሚገጠመው ከመንገድ የሚመጣው ቧንቧ ወደ ሮቶዎቹ ከመግባቱ በፊት ነው። «እዚህ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚህ በኋላ ሮቶው የሚሞላው በታከመ ውሃ ነው፤ ሃያውም ቤት ንጹሕ ውሃ ያገኛል» አለን። ሐሳቡ ሲሰሙት የሚያጠግብ ነው። እኛም በልባችን ተቀብለነው ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ መሐል እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ የጨረሱ አንድ ሐጂ፣ «ልጄ፣ ሮቶውን ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁት።

አላየውም። ማንም አላየውም። መሰላል መጣ፣ ሮቶው ተከፈተ። ክዳኑ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። ከታች ጣት የሚያሰጥም ደለል ተኝቷል። ግድግዳው ሲዳሰስ ያሟልጫል። አንድ ላባም ይንሳፈፍ ነበር።

«የፈለግከውን ያህል የነጻ ውሃ አምጥተህ እዚህ ውስጥ ብታፈሰው፣ ልጆቹ የሚጠጡት ይህንኑ ነው» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ደግሞ! ሻጩ ባለሙያ ነው እኮ» አለ ሊቀመንበሩ።

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም። ይሁን እንጂ ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ጉዳዩ ያገላበጥነውና የጠየቅነው ሁሉ ሐጂ ትክክል መሆናቸውን ነው ያረጋገጠልን። ለምን ትክክል እንደሆኑ ለመረዳት ግን ይህ ብርሃን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብርሃኑ ምን ያደርጋል?

የፀሐይ ብርሃን ዐይናችን ከሚያያቸው ቀለማት ውጭ ሌሎችንም ጨረሮች ይዟል። ከወይን ጠጁ ቀለም ባሻገር ያለውና ዐይን የማያየው አልትራቫዮሌት ይባላል፤ በአጭሩ ዩቪ። ከዚህ ውስጥ ኃይለኛው ክፍል፣ ዩቪ-ሲ የሚሉት፣ አላህ በከባቢ አየር ላይ ባደረገው የኦዞን ሽፋን ተይዞ ስለሚቀር ምድር ላይ አይደርስም። የውሃ ማከሚያው መሣሪያ ግን ይህንኑ ጨረር በሜርኩሪ ትነት በተሞላ መብራት ያመነጫል። የተለመደው መብራት የሚያወጣው ጨረር ርዝመቱ 254 ናኖ ሜትር ሲሆን፣ ይህም በረቂቅ ተሕዋስያን ዲ ኤን ኤ በቀላሉ የሚመጠጥ ነው። ጨረሩ ሲያርፍበት ዲ ኤን ኤው ላይ ጉዳት ይደርሳል፤ ተሕዋሱም መራባት ይሳነዋል። ሊራባ ያልቻለ ባክቴሪያ ደግሞ አንጀት ውስጥ ቢገባም በሽታ ሊያስነሳ አይችልም። ስለዚህ «ይገድላል» ከማለት «ያመክናል» ማለቱ ለእውነቱ ይቀርባል።

ነገሩ የትናንት ግኝት አይደለም። ዳውንስና ብለንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን የባክቴሪያን እድገት እንደሚገታ ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። የፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1910 የመጠጥ ውሃን በዚህ ብርሃን ለማከም ሞክራለች። በዘመኑ የነበሩት መብራቶች ቶሎ ቶሎ ስለሚበላሹና ክሎሪን ርካሽ ስለነበረ ዘዴው ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተትቶ ቆየ።

እንደገና እንዲነሣ ያደረገው አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የደረሰው ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ በከተማው የቧንቧ ውሃ ገብቶ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው እንዳሳመመ ተገምቷል። ውሃው ክሎሪን ነበረበት። ይህ ተሕዋስ ግን ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ክሎሪን እምብዛም አይነካውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የተደረጉ ምርምሮች ያሳዩት ደግሞ ያንኑ ክሎሪን ያልደፈረውን ተሕዋስ አነስተኛ መጠን ያለው የዩቪ ብርሃን እንደሚያመክነው ነው። ጃርዲያም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ መሠረት በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 12 ሚሊ ጁል የሚሆን ብርሃን ካረፈባቸው፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ተሕዋስያን ከሺህ 999ኙ ይመክናሉ። ለቤት የሚሆኑ ጥሩ መሣሪያዎች 40 ሚሊ ጁል እንዲሰጡ ተደርገው ስለሚሠሩ ለእነዚህ ይበቃሉ። ከቫይረሶች መካከል ግን አዴኖቫይረስ የሚባለው ግትር ነው፤ እርሱን በሚገባ ለመቋቋም 186 ሚሊ ጁል ይጠይቃል።

እንግዲህ ለዚያች እናት ልጅ በሽታ የዩቪ መብራት ከክሎሪን የተሻለ መልስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የነጋዴ ወሬ ነው ያሉት ወገኖች በዚህ ተሳስተዋል።

ብርሃኑ ጥሎት የሚሄደው ነገር የለም

አሁን ወደ ሐጂ ጥያቄ እንመለስ። ብርሃን የሚሠራው ውሃው በመብራቱ ጎን በሚያልፍባት ቅጽበት ብቻ ነው። ውሃው ካለፈ በኋላ በውስጡ የሚቀር ጠባቂ የለም። የታከመው ውሃ ደለል ወዳለበት ሮቶ ከገባ ወዲያውኑ እንደ አዲስ ይበከላል። ከዚህም በላይ፣ የተጎዱ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ተራ ብርሃን ሲያገኙ ጉዳታቸውን መጠገን ስለሚችሉ፣ የታከመን ውሃ በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ብርሃን ላይ ማቆየት አይመከርም።

ክሎሪን በዚህ በኩል ይበልጣል። የአዲስ አበባ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም በአቃቂና በለገዳዲ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። ለየካ አባዶ ቅርብ የሆነው ለገዳዲ ሲሆን ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የተሠራ ነው። በዚያው አካባቢ በቀን 86,000 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ የታሰበው የጥልቅ ጉድጓድ ሁለተኛ ምዕራፍ ሥራ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2014 ነው። የግድቡ ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ ደለሉ እንዲረጋ ተደርጎ ከተጣራ በኋላ ክሎሪን ይጨመርበታል። ከቧንቧ ሲቀዳ አንዳንዴ የምትሸተን ሽታ እርሷ ናት፤ መንገድ ላይ የሚገባውን ተሕዋስ እንድትጠብቅ የተተወች ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። ይህች ክሎሪን ግን ሮቶ ውስጥ ቀናት ስትቀመጥ እየደከመች ትሄዳለች፤ ደለል ካገኘች ደግሞ ቶሎ ታልቃለች። በእኛ ሰፈሮች ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከጣቢያው ደኅና ሆኖ የወጣው ውሃ ሮቶአችን ውስጥ ይበላሻል።

ይህን ስንል በ2008 ክረምት በአዲስ አበባ የታየውን አተት የሚያስታውስ ሁሉ ይረዳናል። ያን ጊዜ ውሃ ማከሚያ በየቤቱ ተፈልጎ ነበር። በሽታው ሲያልፍ ልማዱም አለፈ።

ስለዚህ መብራቱ የሚገጠመው ከሮቶው በኋላ ነው። ውሃው ከሚጠጣበት ቦታ በቀረበ መጠን ይሻላል። አንድ ቤተሰብ ለብቻው የሚገዛ ከሆነ ቦታው ማድ ቤት ነው፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር። ለልብስ ማጠቢያና ለሽንት ቤት የሚሄደውን ውሃ በብርሃን ማከም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ማባከንን ደግሞ ዲናችንም አይወድም።

ስለ ውዱእ የሚጠይቁን አሉ። ብርሃኑ በውሃው ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር ስለሌለ ቀለሙም፣ ጣዕሙም፣ ሽታውም እንደነበረ ይቆያል፤ በጦሃራ ረገድ ጥያቄ የሚያስነሳ አይደለም። ይልቅስ ብዙዎቻችን የምናምታታው ሌላ ነገር አለ። የፊቅህ ሊቃውንት የውሃን ጦሂርነት ሲመረምሩ በነጃሳ ምክንያት ሽታው፣ ጣዕሙ ወይም ቀለሙ ተለውጧል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ዐይን፣ አፍንጫና ምላስ የሚፈርዱበት ነው። የተቅማጥ ተሕዋስ ግን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ለውዱእ ያለ ጥርጥር የሚሆን ውሃ ሕፃን ልጅን ሊያሳምም ይችላል። «ሮቶአችን ጦሂር ነው» ያሉን አንድ አባት አልተሳሳቱም፤ እኛ የጠየቅናቸው ግን ስለ ሌላ ነገር ነበር።

በመካ የሚገኘው ዘምዘም እንኳ ዛሬ በዚህ ብርሃን ፊት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተከፈተው የንጉሥ አብደላህ የዘምዘም ውሃ ፕሮጀክት፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ኩደይ በተባለው ስፍራ በአሸዋና በረቂቅ ማጣሪያዎች ካለፈ በኋላ በአልትራቫዮሌት ይታከማል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ማጣሪያው ይቀድማል፣ ብርሃኑ ይከተላል።

ከመግዛት በፊት

ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለ። ብርሃን በደፈረሰ ውሃ ውስጥ አያልፍም። ተሕዋሱ ከደለሉ ቅንጣት ጀርባ ከተደበቀ ጨረሩ አያገኘውም። ስለዚህ ከመብራቱ በፊት የ5 ማይክሮን ማጣሪያ ይገጠማል፤ ይህም ማጣሪያ ሲቆሽሽ ይለወጣል። በክረምት ውሃው ቡናማ ሆኖ በሚመጣበት ጊዜ ማጣሪያው ከበጋው ይልቅ ቶሎ ይደፈናል። የራሳቸውን ጉድጓድ ያስቆፈሩ ግቢዎች ደግሞ ውሃቸውን አስቀድመው ያስመርምሩ። በሊትር ከ0.3 ሚሊ ግራም የበለጠ ብረት ያለበት ውሃ በመብራቱ ዙሪያ ያለውን የኳርትዝ ቱቦ ዝገት መሰል ሽፋን ያለብሰዋል። ኖራ የበዛበት ውሃም እንዲሁ ያደርገዋል። ቱቦው ከኳርትዝ የሚሠራው ተራ ብርጭቆ ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ነው፤ ከተሸፈነ ኳርትዝ መሆኑ ምን ይጠቅማል? በየጥቂት ወሩ አውጥቶ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ መወልወል ያስፈልጋል።

ጨረሩ ጨውን፣ ናይትሬትን፣ ፍሎራይድን አይነካም። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ዘመዶቻችን ጥርስ የሚያበልዘውን ውሃቸውን በዚህ መሣሪያ እናስተካክላለን ካሉ ገንዘባቸውን ያጣሉ።

ፍጥነትም አለ። መሣሪያው ላይ በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። ፓምፑ ከዚያ በላይ ከገፋ ውሃው ብርሃኑን ሳይጠግብ ያልፋል። ሻጩ ፍሰቱን የሚገድብ ነገር አብሮ እንዲገጥም ጠይቁት።

በመብራቱ ዕድሜ ግን እኛው ራሳችን ተታለናል፤ ብንደብቀው አማና ማጉደል ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቢሯችን አንድ አነስተኛ የዩቪ መሣሪያ ገዝተን ነበር። ሰማያዊው ብርሃን በትንሿ መስኮት ይታያል፤ እኛም እርሱን እያየን ልባችን ረግቶ ለሦስት ዓመት ያህል ጠጣን። መብራት ለማስለወጥ ማንም አላሰበም። የሸጠልን ሰው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ለካስ የምናየው ሰማያዊ ብርሃን ሠራተኛው ጨረር አይደለም። ሠራተኛው አይታይም። መብራቱ 9,000 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ መብራቱን ባያቆምም ኃይሉ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነውና፣ ቀንና ሌሊት የሚበራ መብራት በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠጣነው በብርሃን ያጌጠ ያልታከመ ውሃ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ስትገዙ የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመለወጫ መብራቱን ዋጋና በገበያ መገኘቱን ጠይቁ። መብራቱ የማይገኝለት መሣሪያ በርካሽ ቢሸጥም አትግዙት። መብራቱ ሲበራ ገልጦ ማየት ዐይንን ይጎዳል፤ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለም ከተሰበረ ልጆችን ማራቅ፣ መስኮት መክፈትና ስብርባሪውን በጓንት ማንሳት ይገባል።

መብራት ሲጠፋስ? መሣሪያው ይቆማል፤ ውሃው ግን ሮቶው ከፍ ያለ ከሆነ በራሱ መውረዱን ይቀጥላል። ሳይታከም ማለት ነው። ጥሩዎቹ መሣሪያዎች መብራቱ ሲቆም ውሃውንም የሚዘጋ ቫልቭ አላቸው። ይህ ቫልቭ የሌለውን ለሚገዛ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ቧንቧውን በእጁ መዝጋት ግዴታው ነው፤ መብራት ሲመለስም ለጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቅ።

ወጪውን ከማፍላት ጋር እናስተያየው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል፤ በእንዲህ ያለ ከፍታ ለሦስት ደቂቃ ሲንተከተክ ማቆየት ይመከራል። አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ድረስ፣ የሚባክነውን ሙቀት ሳንቆጥር፣ 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይበላል። 15 ዋት የሆነ የዩቪ መብራት ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ቢበራ 0.36 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በዚያ ቀን ሃያ ሊትርም ይለፍበት ሁለት መቶ፣ ወጪው ያው ነው። ለእናትየው ይህን ስንነግራት «ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልተነገረንም?» አለች።

ለማይገዙት

መሣሪያው ለሁሉም ቤት አይደለም፤ ለሁሉም ቤት ነው ካልን ዋሽተናል። ለአቅመ ደካማው ቤተሰብ በፋርማሲ የሚገኙት የክሎሪን ዝግጅቶች፣ እንደ ውሃ አጋርና አኳታብስ ያሉት፣ በመመሪያቸው መሠረት ከተደረጉ ይጠቅማሉ። ውሃው ከደፈረሰ ቢሻን ገሪ ደለሉንም አብሮ ያረጋዋል። ለጃርዲያና ለመሰሎቹ ግን ማፍላቱ አስተማማኝ ነው።

ፀሐይም አለች። ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አፍቲም አክራ፣ በሚያሳይ ጠርሙስ የተሞላ ውሃ ፀሐይ ላይ በማስቀመጥ ሊታከም እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ አስታውቀዋል። በኬንያ በማሳይ ልጆች መካከል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናትም ይህን ውሃ የጠጡት ልጆች በተቅማጥ መታመማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጭረት የሌለበት፣ ቀለም የሌለው፣ ከሁለት ሊትር ያልበለጠ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ በጠራ ውሃ ይሞላል፤ ቆርቆሮ ላይ ተጋድሞ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይመታዋል። ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን። እዚህ የሚሠራው ኦዞን ያሳለፈው ለስለስ ያለው ዩቪ-ኤ ከሙቀቱ ጋር ተባብሮ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን በዚህ መተማመን አይቻልም፤ ዝናብ ብቻ ሆኖ በሚውልበት ቀን ማፍላት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቆርቆሮ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይበቃል።

የሮቶው አጠባና የገንዘቡ ነገር

የብሎኩ ሰዎች በቀጣዩ ቅዳሜ ተሰበሰቡ። በሐጂ መሪነት በመጀመሪያ የተደረገው ምንም መሣሪያ መግዛት አልነበረም። የፈረቃው ቀን ከመድረሱ በፊት ሮቶዎቹ ባዶ ሆኑ፤ ደለሉ በባልዲ ወጣ፣ ግድግዳው በብሩሽ ታሸ። ከዚያም ሮቶው ውሃ ተሞልቶ በረኪና ተጨመረበት። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽቶ የሌለበት በረኪና ከሆነ ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ይበቃል። የበረኪናው ጥንካሬ ስለሚለያይ ጽሑፉን ማንበብ ያሻል፤ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ውሃው እንደዚሁ አድሮ ጠዋት ተደፋ፤ ከመጠቀማቸውም በፊት ሮቶዎቹ በንጹሕ ውሃ ተለቀለቁ። ይህ ለማጠቢያ የተዘጋጀ ውሃ አይጠጣም፤ ለዚህም ማታውን በየበሩ ተዞሮ ተነግሯል። የተሰነጠቀው ክዳን ተለወጠ። ለአየር ማስወጫው ቀዳዳ ወንፊት ተሠራለት።

ከዚያ በኋላ ስለ መሣሪያው ክርክር ተነሣ። ሊቀመንበሩ በመንገዱ ቧንቧ ላይ የሚለውን ሐሳቡን ተወ፤ ይህን በማድረጉ እናከብረዋለን። በምትኩ የተስማሙት ከሮቶዎቹ ሥር፣ ለመጠጥ ብቻ የሚሆን አንድ ቧንቧ እንዲወጣና ማጣሪያውና መብራቱ እርሱ ላይ እንዲገጠሙ ነው። ሃያ ቤት በቀን አንዳንድ ጀሪካን ቢቀዳ 400 ሊትር ነው፤ በደቂቃ ስድስት ሊትር የሚያሳልፍ መሣሪያ ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ይጨርሰዋል። የገዙት ትንሹን ስለሆነ ከተዋጣው ገንዘብ ተርፏል። የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት መብራት ተቀምጧል።

በእኛ አስተያየት በየማድ ቤቱ ቢሆን ይሻል ነበር። ጀሪካን ዳግመኛ የመበከያ በር ነው፤ አፉ ጠባብና የሚከደን ካልሆነ፣ በየጊዜው ካልታጠበ፣ የሮቶው ታሪክ በትንሹ ይደገማል። የአራተኛ ፎቋ እናትም ይህን ሳታነሳ አልቀረችም። «ውሃው ታከመ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጀሪካኑ ግን ያው ደረጃውን ይወጣል» አለች። ከጎረቤቶቿ ወጣቶች መካከል ሁለቱ የእርሷንና የአንዲት አሮጊትን ጀሪካን ከመግሪብ በፊት ለማውጣት ቃል ገቡ። እስከ አሁን ቃላቸውን እንደጠበቁ ሰምተናል።

መሣሪያው ዛሬ ከብሎኩ ጀርባ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይገኛል። ሐጂ በሳጥኑ በር ላይ በነጭ ቀለም ሁለት ቀኖችን ጽፈዋል፤ ከላይ መብራቱ የበራበትን፣ ከሥሩ የሚለወጥበትን።